የአኩሙ ፊርማ

ሰው መኪና ውስጥ ሲገባ ሹፌሩን ከመሪው ጋር ደምሮ ነው የሚቆጥረው። ዮአኪም ኦዱንዶ «ሰባቱ መቅረዞች» የሚባለውን የክርስቲያን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት ከጀርባው ያልተወራ ነገር የለም። የማን ትዳር እንደሚፈርስ፣ የትኛው መምህር በስውር ሌላ ቦታ ማመልከቻ እንዳስገባ፣ የየትኛው ባለሀብት ልጅ አጥር ሲዘል እንደተያዘ ሁሉንም ይሰማል፤ ኪሱሙ ከተማን ከዳር እስከ ዳር እያቋረጠ አንገቱን ሳያዞር ይሰማና ሲወርድ እዚያው ጥሎት ይወርዳል። የዚያን ዓርብ ጠዋት የሰማውን ግን ጥሎት መውረድ አቃተው። ምክትል ርእሰ መምህሯ ማዳም ናፉላ እንደ ልማዷ ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ከኮንዴሌ አደባባይ የገዛችውን የዐሥር ሽልንግ ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ እየገመጠች ስልክ ታወራ ነበር። «አርባዎቹ እዚህ ይፈርማሉ፣ አምስቱን ወደ እናንተ እልካለሁ» አለች። «ለወላጆቻቸው ስብሰባው ወደሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል ብለን ደውለናል፤ የሚጮህ የለም። ጻፍ እንግዲህ፤ መንትዮቹ ኦፒዮና ኦዶንጎ፣ ፌይዝ፣ ሜሻክ፣ አኩሙ።» የመጨረሻዋን ስም ስትጠራ እንኳ ወደ ኦዱንዶ አልዞረችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኦዱንዶ ጆሮ ግን ያን ጠዋት ባዳ ሊሆንለት አልቻለም። አኩሙ ልጁ ናት።

ነገሩን ለመረዳት የተማረ ሰው መሆን አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ በብሔራዊ ፈተና ያመጣው አማካይ ውጤት በየዓመቱ በትልቅ ሰሌዳ ተጽፎ፣ ጋውን ከለበሱ ጎበዝ ተማሪዎች ፎቶ ጋር ከአደባባዩ ላይ ይሰቀላል። ወላጅ ሰሌዳውን አይቶ ነው ልጁን የሚያመጣው። ዳይሬክተሩ ፓስተር ማሲንዴ ዘንድሮ ትምህርት ቤቱን ከከተማው ምርጥ ሦስት አንዱ እናደርገዋለን ብለው በመድረክ ቃል ገብተዋል፤ አምስቱ ደካሞች ደግሞ አማካዩን ወደ ታች ይጎትቱታል። ስለዚህ አምስቱ ከከተማ ወጣ ባለ አንድ ስም የለሽ ትምህርት ቤት ተመዝግበው እዚያ እንዲፈተኑ ተወሰነ። ተፈታኝ የፈረመበት ቦታ ነው የሚፈተነው፤ በምስክር ወረቀቱ ላይ የሚታተመውም የዚያው ትምህርት ቤት ስም ነው። የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ያው ዓርብ ነበር።

ኦዱንዶ ናይሮቢ የሚመላለስ የሌሊት አውቶቡስ ንዳ፣ ደመወዙም እጥፍ ነው ሲሉት እምቢ ብሎ እዚህ የቀረው ለሰባቱ መቅረዞች ስም ሲል ነበር። የሠራተኛ ልጅ በግማሽ ክፍያ ይማራል። አኩሙ በአንደኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና ከአምስት መቶው ሁለት መቶ አርባ ሦስት አምጥታ ስትገባ ፓስተሩ ራሳቸው እጃቸውን ጭነውባት «እግዚአብሔር ከማርክ አይጀምርም» ብለው ነበር። እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ አኩሙ ጎበዝ አይደለችም። አባቷም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች። አንዴ የተነገራት የማይገባት፣ ሦስቴ ሲነገራት የሚገባት፣ የገባት ደግሞ የማይወጣት ልጅ ናት። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከሁሉም የመጨረሻውን ውጤት፣ ኢ ይዛ መጣች። ሁለተኛው ዓመት ላይ ዲ ማይነስ፣ ሦስተኛው ላይ ዲ፣ ባለፈው ወር ዲ ፕላስ። አዳሪ ስለሆነች ሌሊት ስታጠና አባቷ አያያትም፤ ጠዋት ጠዋት ግን አውቶቡሱን ሲያሞቅ ከመማሪያ ክፍሉ መስኮት ቀድሞ የሚታየው የሷ ጭንቅላት ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሠራተኛን ሁሉ በማዕረጉ ጥሩ የሚል ደንብ ስላለ «እንደምን አደሩ፣ ሚስተር ኦዱንዶ» ትለዋለች፤ እሱም «እንደምን አደርሽ፣ ልጄ» ይላል፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። አራት ዓመት እንዲህ ነው የተነጋገሩት።

ያ ቀን ደግሞ ለቤቱ ሰው ተራ ቀን አልነበረም። ተፈታኞች የሚፈርሙበት ቀን በሰባቱ መቅረዞች እንደ ሠርግ ነው። ወላጆች አዳራሹን ይሞሉታል፤ እያንዳንዱ ተፈታኝ በቁጥሩ ይጠራል፤ ቁጥሩ የተሰጠው ሲገባ ባመጣው ማርክ ቅደም ተከተል ነው፣ አንደኛው ከሁሉ የበለጠው፣ አርባ አምስተኛው ከሁሉ ያነሰው። ልጁ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲገባ ያመጣውን ማርክና በፈተናው ሊያመጣ ያለመውን ውጤት በማይክ ይናገራል፤ አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን» ይልለታል፤ ከዚያ ከትምህርት ቢሮ ከመጣው ሰው ፊት ቀርቦ ይፈርማል። ሚስቱ ዶሪና ላለፉት ስብሰባዎች መጥታ አታውቅም፤ ኪቡዬ ገበያ ላይ ያለውን ያሮጌ ልብስ ጠረጴዛዋን ትታ አትመጣም። ያን ዓርብ ግን ጠረጴዛዬን አልዘረጋም አለች። ኒያሌንዳ ሰፈር ባለው ክፍላቸው፣ አልጋውን ከሳሎኑ በሚለየው መጋረጃ ጀርባ፣ የቤተ ክርስቲያን እናቶች ማኅበር ነጭ ቀሚሷንና ሰማያዊ ሻሿን በከሰል ካውያ ስትተኩስ ትቷት ነበር የወጣው። «የአኩሙ አባት፣ ከፊት ወንበር ያዝልኝ» ብላዋለች።

መምህራኑን አድርሶ ከወረደ በኋላ ስልኩን አውጥቶ ሁለት ጊዜ የሚስቱን ስም ነካ፣ ሁለት ጊዜ መልሶ ኪሱ ከተተው። ምን ይበላት? አትምጪ ይበላት? ልጅሽን ሊደብቋት ነው ይበላት? ወንድ ልጅ አንዳንዴ እንዲህ ነው፤ የሆዱን በሆዱ ይዞ ነገሩ በራሱ ጊዜ እንዲተን ይጠብቃል። ነገር ደግሞ ውሃ አይደለም፣ አይተንም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማዳም ናፉላ ቢሮዋ አስጠራችው። ግድግዳው ላይ የየዓመቱን አማካይ የሚያሳይ ቀይ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ይታያል፤ ከሥሩ ዋንጫዎች ተደርድረዋል፣ አንዱ ጆሮው ተሰብሮ በፕላስተር ተጣብቋል። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም። ሠላሳ አንድ መምህራን ደመወዛቸውን የሚያገኙት ያ መስመር ሽቅብ ሲወጣ ብቻ መሆኑን ታውቃለች፣ ከሁሉም ቀድማ ሥራ ጀምራ ከሁሉም ኋላ የምትወጣ ሰው ናት። የታሸገ ፖስታ ሰጠችውና «ለዚያኛው ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር በእጁ። አምስቱ ልጆች አውቶቡሱ ውስጥ ናቸው» አለችው። ከዚያ፣ ነገሩ ገና አሁን ትዝ እንዳላት ሁሉ፣ ድምፅዋን አለዘበች። «አኩሙም አለችበት። ለሷም የሚሻላት ይሄው ነው፤ እዚያ ፉክክር የለም፣ አትጨናነቅም።»

«ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው የማን ስም ነው፣ ማዳም?»

«የተፈተነችበት ነዋ። ወረቀት ወረቀት ነው፣ ኦዱንዶ።»

«እሺ» አለ። እሺ ማለቱ ነው በኋላ ያንገበገበው። ዐሥራ አንድ ዓመት እሺ ያለ አፍ በአንድ ጠዋት ሌላ ቃል ከየት ያመጣል።

አምስቱ ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል፤ አኩሙ እንደ ልማዷ መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ጭኗ ላይ የኬሚስትሪ ደብተሯን ዘርግታ። አውቶቡሱ ከግቢው ሲወጣ የወላጆች መኪና በሩ ላይ ተሰልፎ ነበር። ከመኪኖቹ መሀል አንዲት ነጭ የለበሰች ሴት ከቦዳ፣ ከሞተር ታክሲ ወረደች። ኮረኮንቹን በነጠላ ጫማ አልፋ እዚያ ስትደርስ ከፌስታል ያወጣችውን ጥቁር ጫማ ልታጠልቅ በአንድ እግሯ ቆማለች፣ በአንድ እጇ የባለሞተሩን ትከሻ ይዛለች። ዶሪና ናት። አውቶቡሱን ስታይ ጫማዋን እንደያዘች እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበችለት፤ ዛሬ ቀኑ የኛ ነው የምትል ዓይነት ሰላምታ ነበር። ልጇ እዚያው አውቶቡስ ውስጥ፣ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ፣ ከእጇ ሥር እያለፈች እንደሆነ ዶሪና አላወቀችም። ኦዱንዶም እጁን አነሣላት። አነሣላትና አለፈ።

የአሄሮን መንገድ ይዞ እየወጣ ሳለ ነው ነገሩ ውስጡ ገብቶ መፋጀት የጀመረው። ለአራቱ ልጆች ወላጆች ተደውሏል። ለዶሪና ማንም አልደወለም። የሹፌር ሚስት ነጭ ቀሚስ ተኩሳ ትመጣለች ብሎ ማን አሰበ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ማለት ይሄ ነው። አሁን ትገባለች፣ ከፊት ትቀመጣለች፤ አንድ ተብሎ ይጀመራል፤ ለሌላ ሰው ልጅ አሜን ስትል፣ አሜን ስትል ቆይታ አርባ ላይ ይቆማል። የልጇ ስም አይጠራም። ዙሪያዋን ትቃኛለች። ከጎኗ ያለችው ባለ መኪና እናት «የእርስዎ የትኛው ነው?» ትላታለች። እዚህ ላይ ሲደርስ ኦዱንዶ ስልኩን አወጣ። ደወለላት፤ ስልኳ ዝግ ነበር። አዳራሽ ሲገባ ስልክ ይዘጋል ብሏት የነበረው ራሱ ነው።

ከኋላ ሜሻክ ነበር የሚያወራው። ሜሻክ አርባ አምስተኛው ነው፣ የመጨረሻዎች መጨረሻ፣ ምላሱ ግን ከሁሉም አንደኛ። «ሰማችሁ አይደል ዛሬ ጠዋት ፓስተሩ የሰበኩትን? ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የጠፋችውን አንዷን በግ የፈለገው እረኛ። እኛ እኮ አምስት ነን፣ ያውም አልጠፋንም። እረኛው ራሱ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሹፌር ቀጥሮ ነው የሚያጠፋን።» መንትዮቹ ሳቁ። ፌይዝ «አንተን ጅብም አይበላህ፣ ወሬህ ያሰለቸዋል» አለችው። ልጆቹ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ልጅ የማያውቀው ነገር የለም፤ የማያውቅ መስሎ የሚታየው ለአዋቂው አዝኖ ነው።

ሸንኮራ ተቆልሎ ከሚሸጥበት ቦታ ላይ ኦዱንዶ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ። ሻጯ ገዢ የመጣ መስሏት አንድ ዘንግ በሃያ ሽልንግ ይዛ መጣች፤ በእጁ መለሳት። ከወንበሩ ተነሣ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲነዳ ፊቱን ወደ ተሳፋሪዎቹ አዙሮ ሲናገር የመጀመሪያው ነበርና እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ በመጨረሻ የሁለት ወንበር መደገፊያ ያዘ።

«የት እንደምትሄዱ ታውቃላችሁ?»

«ልንደበቅ» አለ ሜሻክ።

«እኔ ሹፌር ነኝ። አድርስ ያሉኝን አደርሳለሁ። ግን ሳልጠይቃችሁ አላደርሳችሁም። የት መፈረም ነው የምትፈልጉት?»

መንትዮቹ ተያዩ። ከዚያ አኩሙ ደብተሯን ሳትዘጋ «ወዳሉህ ውሰደን፣ አባዬ» አለች። የትምህርት ቤቱን ልብስ ለብሳ አባዬ ስትለው ሰምቶ አያውቅም፤ ከግቢው ውጭ መሆናቸው ነው። «ስም ምን ያደርግልኛል? አንተ ከሥራ ብትወጣ እኮ ጭራሽ አልፈተንም። እኔ የትም ሆኜ እፈተናለሁ።» የተናገረችው በደንብ ያሰበችበትን ነገር ነበር። አራት ዓመት ሙሉ፣ ሰላም ብላው ዝም ስትል፣ ለካ ስለሱ ሥራ ነበር የምትጨነቀው።

«እናትሽ መጥታለች» አላት።

አኩሙ ቀና አለች። «የት?»

«አዳራሽ ውስጥ። ከፊት ተቀምጣለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ያን ጥቁር ጫማ አድርጋ። ማንም አልነገራትም።»

ልጅቷ ደብተሯን ዘጋችው። ውጭ ሸንኮራ ሻጯ ዝንብ እሽ እያለች ታንጎራጉራለች። አኩሙ እናቷ አዳራሹ ውስጥ አንገቷን እያንቀሳቀሰች ስትፈልጋት የታያት ትመስላለች፤ ዓይኗ ሞላ፣ ግን አላለቀሰችም። «እንግዲያው አዙረው» አለች። ከዚያ ወደ አራቱ ዞር ብላ «እናንተስ?» አለቻቸው። «እኔ ከመጀመሪያውም መደበቂያው ጠቦኛል» አለ ሜሻክ። ፌይዝ ቦርሳዋን አቀፈች። መንትዮቹ በሰው ፊት ብዙ አይናገሩም፤ ኦፒዮ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ፣ ኦዶንጎም ያው ነው። ኦዱንዶ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሞተሩን አስነሣ፤ ልቡ እንደዚያን ቀን ቀሎት አያውቅም። ያችን ልጅ እኔ ወለድኳት አለ በልቡ። ሌላ የሚያስበው ነገር አልመጣለትም።

ሲመለሱ ዘበኛው በሩን እየከፈተ «ምን ረስተህ ነው?» አለው። «ሰው» አለ ኦዱንዶ።

አዳራሹ በር ላይ ሲደርሱ ሠላሳ ዘጠነኛው መድረክ ላይ ነበር። «ዒላማዬ ኤ ማይነስ» አለ ልጁ፤ አዳራሹ «አሜን» ሲል ቆርቆሮው ነዘረ። አርባኛዋ ወጣች፣ እሷም ኤ ማይነስ፣ አሜን። ከአርባው አንድ እንኳ ከቢ ፕላስ በታች የወረደ አልነበረም፤ ኦዱንዶ የስንቱን ልጅ እውነተኛ ውጤት በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሰምቶ ያውቃል፣ ሆድ ይፍጀው። ዶሪና ሁለተኛው ረድፍ ላይ ናት። ልክ እንዳሰበው ነበር፣ አንገቷን እያወጣች በግራ በቀኝ ትቃኛለች፤ ሻሿ ተንሸራቶባታል።

ከመድረኩ ሥር ጠረጴዛ ይዘው የተቀመጡት የትምህርት ቢሮው ሰው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሽማግሌ፣ ዝርዝሩን በጣታቸው ተከትለው «አርባ አንድ» ብለው ተጣሩ። ማዳም ናፉላ ጎንበስ ብላ «ከአርባ አንድ እስከ አርባ አምስት ተዛውረዋል፣ ይሰረዙ» አለቻቸው። ሽማግሌው ማስመሪያቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ፣ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

«አለን» አለ ሜሻክ ከበሩ።

ሁለት መቶ ወላጅ ዞረ። አምስቱ ልጆች በመሀል መተላለፊያው ገቡ፤ ፀጉራቸው በመስኮት የገባ የአሄሮ መንገድ አቧራ ለብሷል። ፓስተር ማሲንዴ ከዓይናቸው በስተቀር ሁለመናቸው ፈገግ አለ። ማዳም ናፉላ የቆመችበት ቀረች። በሁለት መቶ ወላጅ ፊት፣ ያውም የጠፋችውን በግ በሰበኩበት ቀን፣ ውጡ አይባል ነገር። ሽማግሌው የሆነውን ሁሉ የገመቱ ይመስላሉ፤ ማስመሪያቸውን አንሥተው ወደ ጎን አኖሩትና በዚያው ድምፅ «አርባ አንድ» አሉ ደግመው።

ኦፒዮ ወጥቶ ዒላማዬ ቢ ነው አለ፤ አሜን ተባለለት። ኦዶንጎም ቢ አለ፤ አሜን። ሁለቱም ማይኩን እንደ ትኩስ ድንች ነው የለቀቁት። «አርባ ሦስት።» አኩሙ ወጣች። ማይኩ ከፍ ብሎባት ነበር፤ ዝቅ አደረገችው፣ ጮኸ፣ እስኪበርድ ጠበቀችው።

«አኩሙ ኦዱንዶ። ስገባ ያመጣሁት ሁለት መቶ አርባ ሦስት» አለች። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ። «በመጀመሪያው ዓመት ኢ ነበረኝ። ባለፈው ወር ዲ ፕላስ አመጣሁ። ዒላማዬ ሲ ማይነስ ነው።»

ለኤ አሜን ይባላል፣ ለቢ አሜን ይባላል፤ ለሲ ማይነስ ምን እንደሚባል ማንም አያውቅም። አንዱ ሳለ። አንዲት እናት መርሐ ግብሩን እንደ ማራገቢያ ስታወዛውዝበት የነበረውን እጇን አቆመች። ፓስተሩ ማይካቸውን አንሥተው በአባትነት ድምፅ «ልጄ፣ በእምነት ተናገሪ እንጂ። እግዚአብሔር ትልቅ አምላክ ነው» አሏት።

«ትልቅ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ፓስተር» አለች አኩሙ። «ሲ ማይነስ ያልኩት ስለማመጣው ነው።»

ይሄኔ ከሁለተኛው ረድፍ ነጭ ቀሚስ ተነሣ። ዶሪና ሻሿን አስተካከለች፣ ቀሚሷን ከኋላ በእጇ ጠረግ አደረገች፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት ልትሰጥ የተነሣች ይመስል ቀጥ ብላ ቆመች። «አሜን» አለች። አልጮኸችም፤ ጠረጴዛዋ ላይ ሆና ለደንበኛዋ ዋጋ የምትናገርበት ድምፅ ነው፣ አንዴ ከተናገረች የማትቀንሰው። በሩ ላይ የቆመው ኦዱንዶ፣ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ድምፁን አሰምቶ የማያውቀው፣ «አሜን» ሲል የራሱ ድምፅ ለራሱ ባዕድ ሆነበት። ከዚያ ሽማግሌው ቀና ሳይሉ አሜን አሉ፤ ከዚያ ከፊት ረድፍ አንድ ትልቅ ሰውዬ፣ የአንደኛው ቁጥር አባት ናቸው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው አሜን አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ማን እንዳለውና ማን እንዳላለው መለየት አልተቻለም። አኩሙ ወረደች፤ ከጠረጴዛው ፊት ቆማ ስሟን በጣቷ ፈልጋ አገኘች፣ ከጎኑ ፈረመች፤ ፊርማዋ ረጅም ነው፣ ከሳጥኑ ወጣ። ሽማግሌው አዩት፣ ምንም አላሉም። ኦዱንዶ ኮራ። ሰው በልጁ የሚኮራው በዋንጫና በጋውን ይመስለው ነበር፤ እንዲህ ዓይነት ኩራት ደረትን ሰቅዞ እንደሚይዝ ያወቀው ያን ዕለት ነው። ፌይዝ ሲ አለች፣ ሜሻክ ደግሞ «ዲ ፕላስ፣ እሱም ካልተኛሁ» አለ፤ አዳራሹ እየሳቀ አሜን አለለት።

ወላጆቹ ምሳ ላይ ሳሉ ፓስተሩ ራሳቸው አውቶቡሱ ጋ መጡ። ኦዱንዶ ጎማውን እያየ ነበር። እጃቸውን ዘረጉ፤ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አኖረው። ቁልፉን ትንሽ አገላብጠው አዩት።

«ምን እንደሠራህ ታውቃለህ፣ ኦዱንዶ?»

«ሰው ወሰድኩ፣ ሰው መለስኩ፣ ፓስተር። ሥራዬ ነው።»

ከአዳራሹ የሩዝና የዶሮ ሽታ ይመጣል። «ልጅቷ ፈርማለች፣ የሷ ነገር አልቋል» አሉ ፓስተሩ። «ያንተን ሰኞ እንነጋገራለን።» ሰኞ ምን እንደሚሉት ኦዱንዶ አያውቅም ነበር፤ ምናልባት እሳቸውም አያውቁም። ለዶሪና ቁልፉን መስጠቱን ሲነግራት «ሰጠኸው?» አለች። «ሰጠሁት» አለ። «እጅ ይኑርህ እንጂ ቁልፍ ሞልቷል» አለችና ጥቁር ጫማዋን አውልቃ ፌስታሏ ውስጥ ከተተች። አኩሙ ከሩቅ፣ ወደ ክፍሏ ስትሄድ፣ ደብተሯን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው፤ ከምሳ በኋላ ኬሚስትሪ አለ።

ኪሱሙ ላይ ባልና ሚስት በአንድ ቦዳ ሲሄዱ ማንም አይገረምም። ዶሪና መሀል ተቀመጠች፣ ኦዱንዶ ከኋላ፣ ፌስታሉን ይዞ። ባለሞተሩ ወሬ ወዳድ ወጣት ነበርና ከኮረኮንቹ እንደወጡ «ነጭ በነጭ፣ ሠርግ ነው?» አለ።

«ልጃችን ለፈተና ፈርማ ነው» አለች ዶሪና።

«እዚያ ትልቁ ትምህርት ቤት? እንግዲያውማ ኤ ናት!»

«ሲ ማይነስ» አለ ኦዱንዶ።

ባለሞተሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ዶሪና ጀርባውን በጣቷ ጠቅ አደረገችው። «ምን ያስቅሃል፣ ፊት ፊትህን እያየህ ንዳ።» ኦዱንዶ ግን አልተቆጣም። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው አባት ሁሉ ስለልጁ ሲያወራ አዳምጧል፣ አሁን ተራው ነበር። ወደ ባለሞተሩ ጆሮ ተጠጋና፣ ነፋሱ ቃሉን እንዳይወስድበት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንድ በአንድ ይቆጥርለት ጀመር፤ «ሒሳብ ዲ ማይነስ፣ ድሮ ኢ ነበር። ኬሚስትሪ ዲ። ታሪክ ሲ። ስዋሂሊ ሲ ፕላስ፣ ስዋሂሊ እንኳ ትችላለች። ባዮሎጂ ዲ ፕላስ ነው፤ ግን ባዮሎጂን ተወው፣ ከፍ ታደርገዋለች፤ እሷን አታውቃትም።»